አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ምን ሠራ?

የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ይፋ በሆነ ቁጥር ከማለፊያው ምጣኔ ቀጥሎ የሚነገር ሌላ ቁጥር አለ፦ አንድም ተማሪ ያላሳለፉ ትምህርት ቤቶች ብዛት። በ2015 ዓ.ም. 1,328 ነበሩ፤ ተማሪ ካስፈተኑት ትምህርት ቤቶች 43 በመቶ ያህሉ። በዚያ ዓመት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ለ2014 ተፈታኞች ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ ኩረጃ ስለቀነሰ እነዚህን ቁጥሮች ከቀድሞዎቹ ይበልጥ እናምናቸዋለን። ይሁን እንጂ የተማሪውን እውቀት በትክክል የለካ ፈተና የትምህርት ቤቱንም ሥራ በትክክል ለክቷል ማለት አይደለም።

ሁለት ትምህርት ቤቶችን በምሳሌ እንይ። አንደኛው ገጠር ነው። ወደ 9ኛ ክፍል የሚገቡት ልጆች በእንግሊዝኛ የተጻፈውን የባዮሎጂ መጽሐፍ አንድ አንቀጽ አንብበው ለመረዳት ይቸገራሉ፤ ከዚያ ክፍል ጀምሮ ግን ከቋንቋ ትምህርቶች በቀር ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። የዛሬ ሦስት ዓመት የተፈታኞቹ አማካይ ውጤት 24 ነበር እንበል። መምህራኑ ቅዳሜን ጨምረው አስተማሩ፣ ንባብን ከሥር ጀመሩ፣ አማካዩም 38 ደረሰ። ሃምሳን የነካ ስለሌለ ዘንድሮም ስሙ ከ“ዜሮዎቹ” ዝርዝር አልወጣም። ሁለተኛው አዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ በ8ኛ ክፍል ጥሩ ውጤት ያመጡትን በመግቢያ ፈተና አበጥሮ ይቀበላል፣ ሁሉንም ያሳልፋል፣ ይሸለማልም። የመቀሌው ቃላሚኖም ሆነ የኦሮሚያ ልማት ማኅበር አዳማ ላይ ያቋቋመው አዳሪ ትምህርት ቤት ተማሪ የሚቀበሉት መርጠው ነው። ሥራቸው የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ውጤታቸው ውስጥ የመምህራኑ ድርሻ ስንት፣ ልጆቹ ይዘውት የመጡት ስንት እንደሆነ የማለፊያው ምጣኔ አይለይልንም።

አንድ የማለፊያ መስመር ብቻውን መለኪያ ሲሆን ደግሞ ሌላ ጉዳት አለው። ዴሪክ ኒል እና ዳያን ሻንዘንባክ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ተመራማሪዎች የቺካጎን ትምህርት ቤቶች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጡት ጽሑፍ ይህን በግልጽ አሳይቷል፦ ትምህርት ቤቶች በማለፊያ ምጣኔ መመዘን ሲጀምሩ ከመስመሩ አጠገብ የነበሩት ተማሪዎች ውጤት ተሻሻለ፤ ከሁሉም በታች የነበሩት ግን እምብዛም አልተጠቀሙም። መምህራኑ ክፉ ስለሆኑ አይደለም። 20 ያመጣውን ልጅ ወደ 35 ማድረስ ለትምህርት ቤቱ ምንም ነጥብ ካላስገኘ፣ የጥናት ሰዓቱ 45 ላመጣው ልጅ ይሰጣል።

አገራችን ከፈተናው ውጪ ሌላም መመዘኛ አላት፤ ኢንስፔክሽን። 26 ስታንዳርዶች አሉት፤ ለግብዓት 25፣ ለሂደት 35፣ ለውጤት 40 በመቶ ይሰጣል። ከ50 በመቶ በታች ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 1፣ 90 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ደረጃ 4 ይባላል። ክፍሉን፣ ቤተ ሙከራውን፣ ውኃውን፣ የመምህሩን አስተማመር ማየቱ ጥሩ ነው፤ የጎደለው እንዲሟላም መነሻ ይሆናል። ሆኖም ሁሉም ተደምሮ አንድ ደረጃ ሲሆን በዚያው ግቢ ውስጥ በወንዶችና በሴቶች፣ ከከተማ በመጡና ሁለት ሰዓት በእግር ተጉዘው በሚመጡ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት አይታይም።

አሜሪካኖች በዚህ ረገድ አንድ ጥሩ ነገር ሠርተዋል። እ.ኤ.አ. በ2002 የጸደቀው የትምህርት ሕጋቸው እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ውጤቱን በዘር፣ በቤተሰብ ገቢ፣ በአካል ጉዳትና በእንግሊዝኛ ችሎታ ከፍሎ እንዲያሳውቅ አስገደደ። ከአማካይ ጀርባ መደበቅ አስቸጋሪ ሆነ። ያው ሕግ እ.ኤ.አ. በ2014 ሁሉም ልጅ ብቁ ይሁን ብሎ ቀን ቆረጠ፤ አልሆነም፣ እ.ኤ.አ. በ2015 በሌላ ሕግ ተተካ። ከእነሱ ልንወስድ የሚገባን የመጀመሪያውን ነው እንጂ የቀን ቆረጣውን አይደለም።

ለእኛ መነሻ የሚሆን ነገር እጃችን ላይ አለ። እያንዳንዱ ልጅ የ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ወስዷል። ፈተናው ከክልል ክልል ስለሚለያይ አገር አቀፍ ማወዳደሪያ አይሆንም፤ በአንድ ክልል ውስጥ ግን ልጁ ከየት ተነሥቶ የት ደረሰ የሚለውን ለማስላት ይበቃል። ትምህርት ሚኒስቴርና የክልል ትምህርት ቢሮዎች የሚቀጥለውን ውጤት ሲያሳውቁ ካሳለፉት ቁጥር ጎን ይህን የለውጥ መጠን፣ የሴቶችንና የወንዶችን ውጤት ለየብቻ፣ እንዲሁም የአማካዩን የሦስት ዓመት ጉዞ ያውጡልን። ወላጆችም በወላጅ ስብሰባ ላይ “ስንት አለፈ?” ከማለታችን በፊት “ልጆቹ ሲገቡ ምን ያህል ያውቁ ነበር?” ብለን እንጠይቅ።