በዝፍት የተለወሰው ዱላ

እ.ኤ.አ. ጁላይ 24 ቀን 1983 በኒውዮርኩ ያንኪ ስታዲየም የቤዝቦል ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ነበር የቀረው። ባለሜዳው ያንኪስ 4 ለ 3 ይመራል። የካንሳስ ሲቲ ሮያልሱ ጆርጅ ብሬት ግን የተወረወረለትን ኳስ በዱላው አጥር አሻገረው። ይህ «ሆም ራን» ይባላል፤ እሱም፣ ሯጮች እየረገጡ በሚዞሩበት ምልክት፣ በ«ቤዝ»፣ ላይ ይጠብቅ የነበረው ጓደኛውም ዞረው ገቡና ውጤቱ 5 ለ 4 ተገለበጠ።

ደስታው ብዙ አልቆየም። የያንኪስ አሰልጣኝ ቢሊ ማርቲን ወደ ዳኛው ቲም ማክሌላንድ ሄዶ ዱላው እንዲመረመር ጠየቀ። መቺዎች ዱላው እንዳያንሸራትታቸው የጥድ ዝፍት ይቀቡታል፤ ዝፍቱ ግን ከእጀታው ጫፍ 18 ኢንች ማለፍ የለበትም። መለኪያ በእጃቸው ያልነበራቸው ዳኞች ዱላውን መቺው አጠገቡ በሚቆምበት ነጭ የጎማ ሰሌዳ ላይ አጋደሙት፤ የሰሌዳው ወርድ 17 ኢንች ነውና። ዝፍቱ ከሚፈቀደው 18 ኢንች አልፎ ሄዷል! ደንቡ እንዲህ ያለውን ዱላ ሕገወጥ ይለዋል፤ ሌላ አንቀጽ ደግሞ በሕገወጥ ዱላ የመታ ከጨዋታ ውጪ ነው ይላል። ማክሌላንድ ሁለቱን አገናኝቶ ብሬትን «አውት» አለው፤ ሆም ራኑ ተሰረዘና ጨዋታው በያንኪስ አሸናፊነት አበቃ። ብሬት እንደ አራስ ነብር ዘሎ ወጣ፤ ዳኞች ራሳቸው ይዘው አስቆሙት።

ሮያልስ ይግባኝ አለ። የአሜሪካን ሊግ ፕሬዚዳንት ሊ ማክፌይል ከ4 ቀን በኋላ ውሳኔውን ሻሩት። ደንቡ የወጣው ዝፍት ኳስ እያቆሸሸ ወጪ ስለሚያበዛ ነው፣ ለመቺው ጉልበት ስለሚጨምር አይደለም አሉ። እውነትም፣ ማክሌላንድ ፊደሉን አልሳተም፤ የሳተው የደንቡን ዓላማ ነው።

ይበልጥ የሚገርመው የተከተለው ነው። ጨዋታው ኦገስት 18 ከቆመበት ሲቀጥል የተመደቡት ዳኞች ሌሎች ነበሩ። ማርቲን ይህችን ቀዳዳ አይቶ ብሬት ሲዞር ቤዞቹን አልረገጠም ሲል አቤት አለ። በዕለቱ ያልነበረ ዳኛ ምን ብሎ ይመልሳል? የዳኞቹ መሪ ዴቭ ፊሊፕስ ግን ተዘጋጅቶ ነበር፤ የቀድሞዎቹ ዳኞች ሁሉም ቤዝ መነካቱን አረጋግጠው የፈረሙበትን ወረቀት አወጣ። ሮያልስ 5 ለ 4 አሸነፈ።

ደንቡም ቆይቶ ተብራራ። ዝፍት የበዛበት ዱላ ከጨዋታ ይወጣል፤ በዱላው ከመመታቱ በፊት ያልተቃወመ ቡድን ግን፣ እንደ ማርቲን ዓይነቱ አድፋጭም ቢሆን፣ ዛሬ ነጥብ ማሰረዝ አይችልም።