ቤቱ ገቢና ለሆነ ሹፌር ደብዳቤና ሕክምና እንዴት ይደርሱታል?

ከሳሪስ አቦ እስከ ቃሊቲ መንገድ ዳር የሚቆሙትን ተሳቢዎች ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ገቢናው ቤት ነው። ከመቀመጫው ጀርባ ፍራሽ ተዘርግቷል፤ ብርድ ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ከሥር የውኃ ጀሪካን አለ፤ መስኮቱ መጋረጃ አለው። ከዚህ ተነሥቶ በአዳማ፣ በአዋሽና በሚሌ አድርጎ ጋላፊን የሚሻገረው ሹፌር ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ይጠብቃል፤ ጭኖ ሲመለስ ደግሞ ሞጆ ደረቅ ወደብ ወይም ቃሊቲ ጉምሩክ በር ላይ ያድራል። መንገዱ ለአንድ ጉዞ ብቻ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው። ተከራይቶ የሚኖርበት ክፍል ሳሪስ ቢኖረውም የሚያድርበት ሌሊት ጥቂት ነው።

አሜሪካ ውስጥ ቤታቸውን ሸጠው ዓመቱን ሙሉ በተሽከርካሪ ቤት የሚኖሩ ጡረተኞች አሉ። እነሱ የፖስታ አድራሻ ይከራያሉ፤ አከራዩ ድርጅት የመጣላቸውን ደብዳቤ ሰብስቦ ወዳሉበት ከተማ ይልክላቸዋል። የኛ ሹፌር እንዲህ ያለ ድርጅት የለውም። አገልግሎቱ ሁሉ ደግሞ ሰውን የሚፈልገው በቦታው ነው፤ ወረዳው በቤት ቁጥር፣ ጤና ጣቢያው በካርድ ቁጥር፣ ፍርድ ቤቱ በመኖሪያ አድራሻ። በቦታው የማይገኝ ሰው ሁለት ነገር ያስፈልገዋል፤ ወረቀቱን የሚቀበልለት አንድ የታመነ ሰውና አብሮት የሚጓዝ የራሱ የሕክምና መዝገብ።

በፖስታው እንጀምር፤ እሱ ቀላል ነው። የኢትዮጵያ ፖስታ በ1886 ዓ.ም. የተመሠረተ ቢሆንም ደብዳቤ በአብዛኛው የሚመጣው ወደ ፖስታ ሣጥን እንጂ ወደ ቤት ደጃፍ አይደለም። ይህ ለሹፌር ይመቸዋል፤ ሣጥኑ እስኪመለስ ይጠብቀዋል። የራሱ ሣጥን ከሌለው የአሠሪውን ወይም የዘመዱን ቁጥር አስፈቅዶ ይጠቀማል። ከዚያ ውጭ ወረቀት የሚጓዘው በሰው ነው። ነገ ማለዳ ከቃሊቲ የሚነሣ ባልደረባ የያዘው ፖስታ ብዙም ሳይቆይ ሚሌ ይደርሳል። አንድ ነገር ብቻ ይጠበቅ፤ በሰው የሚላከው ኮፒ ይሁን። መንጃ ፈቃድን የመሳሰሉ መንገድ ላይ የሚጠየቁ ሰነዶች ከመኪናው ጋር ይሄዳሉ፤ የልደት፣ የጋብቻና የትምህርት ማስረጃ ዋናው ግን ከቤት አይውጣ። የሁሉም ሰነድ ፎቶ፣ የፊቱም የጀርባውም፣ በቴሌግራም ሚስቱ ዘንድ ይቀመጥ። ገቢና ይዘረፋል፣ መኪናም ይገለበጣል።

ከባዱ ነገር መልስ የሚሻው ወረቀት ነው፤ የባንክ ማስጠንቀቂያ፣ የግብር ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት መጥሪያ። ተከሳሽ መጥሪያ ደርሶት ካልቀረበ ጉዳዩ በሌለበት ሊታይ ይችላል። ስለዚህ ሹፌሩ ከመነሣቱ በፊት ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ቀርቦ ለሚያምነው ሰው ውክልና ይስጥ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ጠቅላላ ውክልና» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት ሁሉን ነገር የሚያስችል ይመስላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን በጠቅላላ አነጋገር የተሰጠ ውክልና የአስተዳደር ሥራን ብቻ እንደሚሸፍን ይደነግጋል፤ ኪራይ መሰብሰብን፣ ዕዳ መክፈልን፣ ንብረት መጠበቅን የመሳሰለውን። ቤት ለመሸጥ ወይም በመያዣ ለመስጠት፣ ለመታረቅ፣ ስጦታ ለማድረግ፣ ክስ ለመመሥረትና ለክስ መልስ ለመስጠት ሥልጣኑ ተለይቶ መጻፍ አለበት። «ክስ ቢቀርብብኝ መልስ እንድትሰጥና እንድትከራከር» የሚለው ሐረግ ወረቀቱ ላይ ከሌለ፣ ሹፌሩ ጅቡቲ እያለ መጥሪያ የተቀበለች ሚስት ችሎት ፊት ልትመለስ ትችላለች። ቤት የመሸጥ ሥልጣን ግን ካላስፈለገ አይጻፍ። ውክልና እምነት ነው፤ እምነትም ልክ አለው።

ወደ ሕመሙ እንምጣ። በመጀመሪያ ደመወዙን የሚጠብቅለትን ወረቀት ይወቅ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሥራው ባላስከተለበት ሕመም በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አለው። የመጀመሪያው ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት በግማሽ፣ የቀሩት ሦስቱ ያለ ክፍያ ናቸው። ሠራተኛው ከሥራ በቀረ ማግስት ለአሠሪው ማስታወቅ አለበት፤ ማስታወቅ የማይችልበት ሁኔታ ከገጠመው ወይም አሠሪው ሕመሙን የሚያውቅበት መንገድ ካለ በስተቀር። የሕክምና ማስረጃም ያስፈልጋል። ሎግያ ላይ የታመመ ሹፌር የሐኪሙን ወረቀት ማኅተሙ በሚታይበት ሁኔታ ፎቶ አንሥቶ በዚያኑ ዕለት ይላክ፤ ዋናውን ሲመለስ ያስረክባል።

ሁለተኛው ጉዳይ ካርድ ነው። የሕክምና ታሪካችን የሚኖረው በታከምንበት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል መደርደሪያ ላይ ነው። አዋሽ ያለው ሐኪም ሳሪስ የተጻፈውን አያይም። ስለዚህ ሹፌሩ አንድ ጤና ጣቢያ መርጦ እዚያ ይጽና፤ የላቦራቶሪ ውጤቱን፣ የሚወስደውን መድኃኒት ስምና መጠን፣ የማይስማማውን መድኃኒትና የደም ዓይነቱን በአንዲት ደብተር ጽፎ ከሊብሬው ጋር ይያዝ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል የሆነ ቤተሰብም ሕክምናውን የሚጀምረው ውል ካለው ጤና ጣቢያ ነው፤ ወደ ላይ፣ ለምሳሌ ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል፣ የሚሄደው በሪፈር ወረቀት ነው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሹፌር ዋጋ የሚከፍልበት ነገር፤ ወባ። አዲስ አበባ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከዚያ በታች ነው። ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ትንኟ ከነከሰች በኋላ ምልክቱን የሚያሳየው ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። ስለዚህ ሚሌ ላይ የተነከሰ ሹፌር የሚያንቀጠቅጠው ሳሪስ ገብቶ ልጆቹን ካቀፈ በኋላ ነው። ደጋ ላይ ትኩሳት ይዞ ለቀረበ ሰው መጀመሪያ የሚታሰበው ሌላ በሽታ ሊሆን ይችላል። ምርመራ ክፍል እንደገባ የመጀመሪያው ቃሉ «ከአፋር ነው የመጣሁት» ይሁን። ከጣቱ ጫፍ የሚወሰደው ጠብታ ደም በፈጣን መመርመሪያ በ20 ደቂቃ ገደማ ውጤት ይሰጣል። ቫይቫክስ የሚባለው ሌላው ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ሊመለስ ይችላል። ለዚህ የሚታዘዘው ፕሪማኩዊን ለቀናት የሚወሰድ ነው፤ ትኩሳቱ ሲበርድ ኪኒኑን መሳቢያ ውስጥ መርሳት በሽታውን ለሚቀጥለው ጉዞ ማስቀመጥ ነው።

መድኃኒቱም ሙቀት ይጎዳዋል። በአፋር ቆላ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ ፀሐይ ላይ የቆመ ገቢና ከዚያም ይብሳል። ኢንሱሊን የሚወስድ ሹፌር ወይም ረዳት ያልተከፈተውን ብልቃጥ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ማቀዝቀዣ ማስቀመጥ አለበት፤ የተከፈተው ከ30 ዲግሪ በታች አራት ሳምንት ያህል ይቆያል። ማቀዝቀዣ በሌለበት ብልቃጡን ውኃ በማያስገባ ዕቃ አድርጎ በእርጥብ ጨርቅ መጠቅለልና ነፋስ በሚያገኘው ጥላ ማኖር ይረዳል፤ አየሩ ደረቅ ስለሆነ ውኃው ሲተን ያቀዘቅዘዋል። በረዶ ላይ በቀጥታ ማስቀመጥ ግን ያበላሸዋል። ማንኛውም ኪኒን ቢሆን ከፊት መስታወቱ ሥር አይቀመጥ።

ረጅም ሕክምና ያለበት ሹፌር ጉዞውን ከመጀመሩ በፊት ሥራውን ሳይደብቅ ይናገር። የተለመደው የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ስድስት ወር ነው፤ በመንግሥት ተቋማት በነፃ ይሰጣል፤ በዝውውር ወረቀትም በሌላ ከተማ ሊቀጥል ይችላል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስድና ጤናው የተረጋጋ ሰው የስድስት ወር መድኃኒት በአንድ ጊዜ የሚያገኝበት አሠራር አለ። ካልተጠየቀ ግን የሚታዘዘው የወር ሊሆን ይችላል።

ጋላፊን ለሚሻገር ደግሞ፣ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ለሦስተኛ ወገን ጉዳት ብቻ አይደለም፤ አደጋ ቢደርስ የሹፌሩንና የተሳፋሪውን የሕክምና ወጪም ይመለከታል። ተራ ሕመም ግን በዚህ አይሸፈንም። አገር ውስጥ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907፣ የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ በ939 ይጠራል።

የመኪና ባለቤቶችና ስምሪት የምትሰጡ ሁሉ አንድ ነገር አደራ። ሹፌሩ የሐኪም ቀጠሮ ቀን ሲነግራችሁ ከጭነቱ ፕሮግራም ጎን ጻፉት፤ በዚያ ቀን ቃሊቲ እንዲገኝ አድርጋችሁ ላኩት። ሕክምና የሚያቋርጠው ሹፌር ብዙውን ጊዜ መድኃኒቱን ጠልቶ አይደለም፤ በቀጠሮው ቀን ጅቡቲ ወረፋ ላይ ስለነበረ ነው።