ዲናር፦ የሮማ ብር ምን ይመሰክራል?

የሮማ ዲናር መዳፍ ላይ ሲያርፍ ትንሽ ነው፤ ወርዱ ሁለት ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱም አራት ግራም ገደማ ነው። ቢሆንም ከአራት መቶ ዓመት በላይ ከስፔን እስከ ሶርያ ወታደር ደመወዙን የተቀበለው፣ ነጋዴም ሒሳቡን የያዘው በዚህ ገንዘብ ነበር። የመጽሐፍ ቅዱስ አንባቢ ስሙን ያውቀዋል፤ በወይኑ አትክልት ምሳሌ የቀን ሠራተኞቹ የተዋዋሉት በአንድ ዲናር ነው።

ባለፈው ዓመት ወደ ስብስቤ ከገቡት የሮማ ብሮች አብልጬ የምወዳቸው አምስት ናቸው። የመረጥኳቸው በዋጋቸው አይደለም። ተራ በተራ ሲደረደሩ አንድ ቁም ነገር ቁልጭ አድርገው ስለሚያሳዩ ነው። በእያንዳንዱ ላይ ሁለት ምስክሮች ቆመዋል። ምስሉና ጽሑፉ ገዢው ሕዝቡ እንዲያምንለት የፈለገውን ይናገራሉ። ብሩ ደግሞ በክብደቱና በጥራቱ ግምጃ ቤቱ የነበረበትን ሁኔታ ይናገራል። ሁለቱ የተስማሙበት ዘመን አለ፤ የተጣሉበትም አለ።

በጦርነት መካከል የተወለደ ገንዘብ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ218 የካርታጎው የጦር መሪ ሃኒባል የአልፕስን ተራሮች ተሻግሮ ጣልያን ገባ። ጦርነቱ ሲራዘም የሮማ ገንዘብ ተናጋ፤ የቀድሞው ብር ጥራቱ ወረደ፣ የነሐሱም ክብደት ቀለለ። ሮማውያን በ211 ገደማ ሁሉንም ከሥሩ አድሰው ዲናርን አወጡ። ዋጋው አስ ከሚባለው የነሐስ ገንዘብ አሥር ነበር፤ ኋላ አሥራ ስድስት ሆነ።

ከአምስቱ ቀዳሚው የዚያ ዘመን ዲናር ነው። በፊት ገጹ ክንፍ ያለው የራስ ቁር የደፋች ሮማ የምትባለው አምላክ አለች፤ ከጀርባዋ አሥር ቁጥር በሮማውያን አጻጻፍ ተቀርጿል። በኋላ ገጹ መንትያዎቹ ካስቶርና ፖሉክስ ጦራቸውን አቅንተው ፈረስ ይጋልባሉ፤ ከሥራቸው የከተማይቱ ስም ብቻ ተጽፏል። የሹም ስም የለበትም፣ የንጉሥ መልክም የለበትም። ምስሉ “አማልክት ከእኛ ጋር ናቸው፤ አገራችን ትቆማለች” ይላል፤ ብሩም ንጹሕ ለማለት ጥቂት የቀረው ነው። ያን ያህል ተጨንቆ የነበረ መንግሥት እንዲህ ያለ ጥሩ ብር ማውጣቱ ያስደንቀኛል። ሁለቱ ምስክሮች የተስማሙበት ዘመን ይህ ነው።

በመስፍና በመዶሻ መካከል

የሮማ ገንዘብ ቤት በካፒቶሊን ኮረብታ በዩኖ ሞኔታ ቤተ መቅደስ አጠገብ ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ46 ቲቶስ ካሪሲየስ የተባለ የገንዘብ ሹም ባስመታው ዲናር ላይ የሙያው መሣሪያዎች፣ መስፉ፣ መዶሻውና ጉጠቱ ተቀርጸዋል። አንዱ ቅርጽ መስፉ ላይ ይተከላል፤ ጠፍጣፋው ብር በላዩ ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ቅርጽ ከላይ ተይዞ በመዶሻ ይመታል። ሁሉም በእጅ ስለሚሠራ አንዱ ዲናር ላይ የፈረሱ እግር ከጠርዝ ይወጣል፣ ሌላው ላይ የጽሑፉ ጫፍ ይቀራል። ፍጹም አንድ ዓይነት የሆኑ ሁለት ዲናሮች የሉም።

አጭበርባሪዎችም አልጠፉም። መዳቡን በስስ ብር ሸፍነው እንደ ደህናው ያሳልፉት ነበር። ስለዚህ ተጠራጣሪዎች ገንዘቡን እየሰነጠቁ ውስጡን ይመረምሩ ነበር። ታሪክ ጸሐፊው ታሲተስ እንደሚለው፣ የጀርመን ነገዶች ጠርዛቸው እንደ መጋዝ የተጠረበውን አሮጌ ዲናሮች ከአዲሶቹ አብልጠው ይፈልጉ ነበር። አያቶቻችን 1780 የሚል ዓመት ያለበትን የማርያ ቴሬዛ ብር ምልክቱን እያዩ ከሌላው ገንዘብ መርጠው እንደተቀበሉት ማለት ነው። ሰው የሚያምነውን ገንዘብ በዓይኑም በጣቱም ያውቀዋል።

መልክ በብር ላይ

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 አንድ ትልቅ ነገር ተለወጠ። ዩልዮስ ቄሣር በሕይወት ሳለ የራሱን መልክ በሮማ ዲናር ላይ አስቀረጸ። ከእርሱ በፊት በዚያ ስፍራ አማልክትና የሞቱ አባቶች እንጂ ሕያው ሮማዊ አይታይም ነበር። ቄሣር በዚያው ዓመት መጋቢት ተገደለ። ከገዳዮቹ አንዱ የሆነው ብሩቱስ ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ሁለት ጩቤዎችና የነጻነት ቆብ ያለበት ዲናር አስመታ፤ በፊት ገጹ ግን የራሱን መልክ አደረገ።

ሁለተኛው ብሬ ከዚያ ትውልድ ነው። ማርቆስ አንቶንዮስና ክሊዮፓትራ ከኦክታቭያን ጋር ለሚያደርጉት የመጨረሻ ጦርነት ሲሰናዱ፣ በ32 እና በ31፣ አንቶንዮስ ለወታደሮቹ ያስመታው ዲናር ነው። በአንዱ ገጽ በመቅዘፊያ የምትሄድ የጦር መርከብ አለች፤ በሌላው በሁለት ሰንደቆች መካከል የንስር ዓርማ ቆሟል፤ የሌጌዎኑም ቁጥር ተጽፏል። ወታደሩ ደመወዙን ሲቀበል የራሱን ክፍል ስም ያነብባል። መዳቡ ግን ከተለመደው በዝቷል። ምስሉ ስለ ኃይል ይናገራል፤ ብሩ የከፋዩን ማጣት ያሳብቃል።

ይህ ጉድለት ለገንዘቡ ረጅም ዕድሜ ሰጠው። ሰው የጠራውን ብር ያስቀምጣል ወይም ያቀልጣል፤ የተበረዘውን ያወጣል። ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮን እ.ኤ.አ. በ64 የዲናርን ክብደትና ጥራት ከቀነሰ በኋላ የቀደሙት ደህና ብሮች ቀስ በቀስ ከገበያ ጠፉ። የአንቶንዮስ ዲናር ግን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የኔው መርከቧ ጥላ ብቻ እስክትመስል ድረስ ተሟሽሿል። ከሥነ ውበቱ ይልቅ ይህን ሁሉ እጅ ማለፉን እወድለታለሁ።

ሦስተኛው የጢባርዮስ ዲናር ነው። እ.ኤ.አ. ከ14 እስከ 37 በገዛባቸው ዓመታት መልኩ እምብዛም ሳይለወጥ በብዛት ተመታ። በፊት ገጹ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በኋላ ገጹ በትርና ቅርንጫፍ ይዛ የተቀመጠች ሴት አለች። ብዙ ሊቃውንት ጌታችን ስለ ግብር ሲጠየቅ “መልኩ የማን ነው?” ያለበት ዲናር ይህ እንደሆነ ያምናሉ። ጥራቱም ከሮማ ድንበር ውጭ አስከብሮታል፤ በደቡብ ሕንድ በብዛት ተቀብሮ ተገኝቷል። ወደዚያ የሚወስደው መንገድ በቀይ ባሕር ያልፋል። በመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የተጻፈው የቀይ ባሕር ነጋዴዎች መመሪያ ፔሪፕለስ፣ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ዕቃዎች መካከል በዚያ ለሚኖሩ እንግዶች የሚሆን ጥቂት የሮማ ገንዘብ ይቈጥራል።

ምስክሮቹ ሲጣሉ

አራተኛው የሴፕቲሚየስ ሴቬረስ ነው። የዛሬዋ ሊቢያ የወለደችው ይህ ንጉሠ ነገሥት ዙፋኑን የያዘው በእርስ በርስ ጦርነት፣ በሠራዊቱ ትከሻ ላይ ነበር። በአውግስጦስ ዘመን 225 ዲናር የነበረው የእግረኛ ወታደር የዓመት ደመወዝ በዶሚትያን 300 ሆኖ ነበር፤ ሴቬረስ ከዚያም ከፍ አደረገው። ለዚህ የሚበቃ ብር ስላልነበረ ዲናሩን እስከ ግማሹ ድረስ በመዳብ በረዘው። በኔው ዲናር ላይ ንጉሠ ነገሥቱ “የሰላም መሥራች” ተብሎ ተጽፏል፤ ቅርጹም ንጹሕ፣ ጢሙም ጠጕር በጠጕር የተሠራ ነው። ቀራጩ እጁ አልደከመም። የደከመው ግምጃ ቤቱ ነው።

ልጁ ካራካላ በ215 የፀሐይ ጨረር አክሊል የደፋ አዲስ ብር አወጣ። ዋጋው ሁለት ዲናር እንደነበረ ይታመናል፤ በውስጡ የነበረው ብር ግን የአንድ ዲናር ተኩል ያህል ብቻ ነው። አምስተኛው ብሬ የዚህ ዓይነት ነው። ሮማ በ248 ሺህኛ ዓመቷን ስታከብር ንጉሠ ነገሥቱ ፊልጶስ ዐረባዊው አስመታው። በዚያ በዓል ከወጡት ብሮች በአንዱ አንበሳ፣ በሌላው ጉማሬ፣ በሌላው አጋዘን፣ በሌላው መንትያ የምታጠባው ተኩላ ይታያሉ። የኔው ጉማሬው ነው፤ ከሆዱ የከበደ፣ አፉን ያቀና፣ እንስሳውን በዓይኑ ያየ ሰው የቀረጸው የሚመስል። ምስሉ ዘላለማዊት ከተማን ያወድሳል፤ የብሩ ድርሻ ግን ከግማሽ በታች ወርዷል። ፊልጶስ በዓመቱ በጦርነት ወደቀ። በጋሊየነስ ዘመን፣ እስከ 268፣ ያው ገንዘብ ላይ ላዩን ብቻ ብር የተቀባ መዳብ ሆነ።

በዚያው በሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ግድም የአክሱሙ ንጉሥ ኢንዱቢስ በስሙ ወርቅና ብር ማስመታት ጀመረ። የሮማ ብር እምነት ባጣበት ጊዜ በቀይ ባሕር ዳር ሌላ መንግሥት በራሱ ብር ቆመ።

ሦስተኛው ምስክር

እስካሁን ስለ ሁለት ምስክሮች ተናገርኩ፤ ሦስተኛም አለ፤ እርሱም የተገኘበት ቦታ ነው። ዲናር ወደ ሕንድ መድረሱን የምናውቀው በሕንድ መሬት ተቀብሮ ስለተገኘ ነው። የአንቶንዮስ ብር ያን ያህል ዘመን መኖሩን የምናውቀው ከብዙ ኋላ ከወጡ ብሮች ጋር በአንድ ማሰሮ ስለተገኘ ነው። በድብቅ ተቆፍሮ ለሽያጭ የተበተነ ገንዘብ ምስሉና ብሩ ይቀሩለታል፤ ይህን ሦስተኛ ቃል ግን ለዘለዓለም ያጣል። የአክሱም ሳንቲሞች ላይ የሚደርሰውም ይኸው ጉዳት ነው፤ ሕጋችን ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ መከልከሉ ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ዲናር ለሽያጭ ሲቀርብልኝ ከዋጋው በፊት ታሪኩን እጠይቃለሁ፦ ከየት ወጣ? ከማን ስብስብ መጣ? ወረቀቱ የት አለ? መልስ የሌለውን፣ ቢያምርም፣ አልገዛም። ብር ሰብሳቢ የሚባለው ሰው የምስክሮች ጠባቂ ነውና፣ አንዱን አስገድሎ ሁለቱን ማስቀመጥ የለበትም።