ከልጃችን ክፍል የመጣው ጩኸት

ልጃችን 16 ዓመቱ ነው። አንድ ምሽት ከክፍሉ የሚወጣውን ድምፅ የሰማችው ባለቤቴ «ይሄ እንኳን መዝሙር ዘፈንም አይደለም፤ ገብተህ አጥፋው!» አለችኝ። ከበሮው እንደ መትረየስ ይንጣጣል፤ ዘፋኙም ያገሳል። እኔ ግን ከማጥፋቴ በፊት ምን እንደሚል ልጠይቀው ፈለግሁ። በዚሁ እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርን።

ቡድኑ «ናይል» ይባላል፤ ዓባይ ማለት ነው። ሰዎቹ ግን አሜሪካውያን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1993 በሳውዝ ካሮላይና ግዛት የተመሠረተ ሲሆን፣ የሚጫወተው «ዴዝ ሜታል» የሚባለውን እጅግ ከባድና ፈጣን የሮክ ዓይነት ነው። ግጥሞቹ በአብዛኛው ስለ ጥንታዊት ግብፅ ናቸው።

በ2002 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባወጡት አልበም ላይ ስለ ንጉሥ ኡናስ የሚናገር፣ ወደ 12 ደቂቃ የሚጠጋ ዘፈን አለ። ኡናስ ከ4,300 ዓመት ገደማ በፊት የነገሠ ፈርዖን ነው። በሳቃራ በሚገኘው ፒራሚዱ ውስጥ በግድግዳው የተቀረጸው ጽሑፍ፣ ንጉሡ ከሞተ በኋላ ወደ ሰማይ ወጥቶ አማልክቱን እያሳረደና እያስቀቀለ እንደሚበላ፣ ኃይላቸውንም እንደሚወስድ ይናገራል። ልጄ ይህን ሲያስረዳኝ ዘገነነኝ። ሆኖም የሙዚቀኞቹ ፈጠራ አይደለም፤ ሙሴ በፈርዖን ፊት ሲቆም እንኳ ጽሑፉ ያረጀ ነበር። ዘፀአት 12ን ስንት ጊዜ አንብቤአለሁ! ጌታ የፈረደባቸው የግብፅ አማልክት እነማን እንደ ነበሩ ግን ጠይቄ አላውቅም። የጠየቀኝ ልጄ ነው።

በእርግጥ ሁሉም ታሪክ አይደለም። በ1998ቱ የመጀመሪያ አልበማቸው ርዕስ ላይ የተጠቀሰው ኔፍረን-ካ የሚባለው ፈርዖን፣ አሜሪካዊው የአስፈሪ ልብ ወለድ ደራሲ ላቭክራፍት የፈጠረው እንጂ የነገሠ ሰው አይደለም። ልጄ ይህን ሲሰማ ትንሽ ተናደደ።

የባለቤቴም ስጋት ከንቱ አልነበረም። «ታሪክ ማወቅ ሌላ፣ የጣዖት ጸሎት ጠዋትና ማታ በጆሮ ማዳመጫ መስማት ሌላ» አለችው። አንዳንዱ ግጥም በአምላኪው አፍ የተጻፈ ነውና ልጁም መልስ አጣ። ግጥሞቹን አብረን ለማንበብ ተስማማን፤ ሁለቱን ራሱ ከስልኩ አጠፋቸው።

በምትኩ የእስራኤሉን «ኦርፋንድ ላንድ» አመጣ። እነዚህም ሜታል ተጫዋቾች ናቸው፤ የ2004 አልበማቸው ርዕስ «ማቡል» በዕብራይስጥ የጥፋት ውኃ ማለት ሲሆን፣ የሚተርከውም ሰዎችን ከሚመጣው ጥፋት ለማስጠንቀቅ ስለሞከሩ ሦስት ወንድማማቾች ነው። በአረብ አገሮችም አድናቂዎች አሏቸው። ባለቤቴ አጠገባችን ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው ሰማችው፤ ጆሮዋን እንዳመማት ግን አልደበቀችንም።