አራተኛው ሳተላይት

ስልካችን ያለንበትን ቦታ በሰማያዊ ነጥብ ሲያሳየን፣ ብዙ ሰው ሳተላይት ከላይ ሆኖ የሚያየን ይመስለዋል። ሳተላይቱ ማንንም አያይም፤ ስልኩም ወደ ሰማይ የሚልከው ነገር የለም። የስልኩ ሥራ ማዳመጥና ማስላት ነው። ቦታን ለማወቅ ኢንተርኔት የግድ የማያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ ዳታ የሚበላው ካርታው ነው።

የአሜሪካው ጂፒኤስ ሳተላይቶች በ20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ምድርን በቀን ሁለት ጊዜ ይዞራሉ። እያንዳንዱ አቶሚክ ሰዓት ተሸክሞ፣ የት እንዳለና ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ያለማቋረጥ በሬዲዮ ሞገድ ይናገራል። መልእክቱ በብርሃን ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። አናታችን ላይ ካለ ሳተላይት እኛ ዘንድ ለመድረስ 0.067 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ስልኩ ከተላከበት እስከ ደረሰበት ያለውን ጊዜ በብርሃን ፍጥነት ሲያባዛ ርቀቱን ያገኛል።

አንድ ርቀት የሚነግረን ሳተላይቱን ማዕከል ባደረገ ግዙፍ ሉል ገጽ ላይ መሆናችንን ብቻ ነው። ሁለት ሉሎች ሲቆራረጡ ክብ ይሠራሉ፤ ሦስተኛው ሲጨመር ሁለት ነጥቦች ይቀራሉ። አንደኛው ከምድር ርቆ ጠፈር ላይ ስለሚወድቅ ይጣላል። በዚህ ስሌት ሦስት ሳተላይት ይበቃ ነበር።

እኔን ሁሌም የሚያስደንቀኝ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ስልካችን ውስጥ ያለው ርካሽ የኳርትዝ ሰዓት ነው። በ0.001 ሰከንድ ብቻ ቢዛነፍ ርቀቱ በ300 ኪሎ ሜትር ይሳሳታል፤ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በቀጥታ መስመር ባሕር ዳር ሊደርስ ጥቂት የሚቀረው ርቀት ነው። እያንዳንዱ ስልክ አቶሚክ ሰዓት ይያዝ እንዳይባል ዋጋውም ክብደቱም አይቻልም። ነገር ግን የስልኩ ሰዓት የተዛነፈው በሁሉም ሳተላይቶች ላይ እኩል ነው። ስለዚህ አራተኛ ሳተላይት ይጨመራል። ሰዓቱ ከቀደመ አራቱም ርቀቶች በእኩል መጠን ይረዝማሉ፤ ሉሎቹም አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። አራቱንም የሚያገናኝ የሰዓት እርማት ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ስልኩ እሱን ፈልጎ ሲያገኝ ቦታውንም ትክክለኛውን ሰዓትም አብሮ ያውቃል። ብዙ የሞባይል ኔትወርክ ማማዎችም ሰዓታቸውን የሚያስተካክሉት በዚሁ መንገድ ነው።

የሳተላይቶቹ ሰዓትም ቢሆን እንዳለ አይታመንም። በአንስታይን ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በፍጥነታቸው ምክንያት በቀን 7 ማይክሮ ሰከንድ ይዘገያሉ፤ የምድር ስበት እዚያ ደካማ በመሆኑ ደግሞ 45 ይቀድማሉ። የተጣራው 38 ማይክሮ ሰከንድ ወደ ርቀት ሲመነዘር በየቀኑ 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 የሙከራ ሳተላይት ሲመጥቅ ማረሚያው በእርግጥ ማስፈለጉን የተጠራጠሩ ስለነበሩ፣ ከመሬት ሆኖ የሚከፈት ማረሚያ ተገጠመለት። 20 ቀን ያህል ሳይታረም ተለካ። ውጤቱ ከቀመሩ ትንበያ ጋር ከ1 በመቶ ባነሰ ልዩነት ገጠመ። ዛሬ ሰዓቶቹ ከመምጠቃቸው በፊት በዚያው መጠን እንዲዘገዩ ተደርገው ይስተካከላሉ።

በኛ ሰማይ ላይ ሌላም ፈተና አለ። የምድር መግነጢሳዊ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በዚህ መስመር አካባቢ፣ ላይኛው የከባቢ አየር ክፍል፣ አዮኖስፌር፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይናወጣል፤ በውስጡ የሚያልፈውን ሞገድ ያዘገየዋል፣ አንዳንዴም ያቆራርጠዋል። መዘግየቱ እንደ ሞገዱ ድግግሞሽ ስለሚለያይ፣ በሁለት ድግግሞሽ የሚቀበሉ መሣሪያዎች ሁለቱን አነጻጽረው ያስወግዱታል። ለመቆራረጡ የሚረዳው በሌላ የሰማይ አቅጣጫ ያሉ ሳተላይቶችን ማዳመጥ ነው። አዳዲስ ስልኮች የሩሲያውን ግሎናስ፣ የአውሮፓውን ጋሊሊዮና የቻይናውን ቤይዱ ጭምር መቀበላቸው ለዚህ ይጠቅማል። የእያንዳንዱ ሥርዓት ሰዓት ግን ከሌላው በጥቂቱ ይለያል። አንድ ሥርዓት በተጨመረ ቁጥር ስልኩ የሚፈታው አንድ ያልታወቀ ሰዓት ይጨምርበታል፤ አብዛኛውን ጊዜም ለዚያ የሚሆን አንድ ተጨማሪ ሳተላይት ያስፈልገዋል።