የፈመ ከሰልና የተዘጋ በር

ሐረር ውስጥ ከሰል የማይገባበት ቤት ጥቂት ነው። ቡናው በእሱ ይፈላል፣ ዕጣኑ በእሱ ይጨሳል፤ ከሰዓት በኋላ ጫት ለመቃም በርጫ ሲቀመጡ ምድጃው መሃል ይገባል፤ አራስ የተኛችበት ክፍልም በእሱ ይሞቃል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይበርዳል። ያኔ ምድጃው ከመኝታው አጠገብ ያድራል፣ በሩም ይቆለፋል። ጣጣው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

ከሰል ሲያቀጣጥሉ ሁሉም የሚጠነቀቀው ከጭሱ ነው። ምድጃው ደጅ ተቀምጦ ይርገበገባል፤ ጭሱ አልቆ ከሰሉ ሲፈም «አሁን ደህና ነው» ተብሎ ይገባል። ዓይን የሚያቃጥለው ጭስ በእርግጥ ሄዷል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን አልሄደም። ይህ ጋዝ ከሰል ሙሉ በሙሉ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠር ነው። ቀለምም ሽታም የለውም፤ አያስልም፣ ዓይንም አይቆጠቁጥም። ቀዩ ፍም አመድ ለብሶ እስኪከስም ድረስ ያመነጨዋል። ደም ውስጥ ሲገባ ኦክስጅን ተሸካሚውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ሰውየው እየተነፈሰ ሳለ ልቡና አእምሮው ኦክስጅን ያጣሉ ማለት ነው።

መጠኑን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። 1 ኪሎ ከሰል ሲነድ 200 ግራም ገደማ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይወጣዋል። ሩብ ኪሎ ከሰል ቢነድ 50 ግራም መሆኑ ነው። ወርዱም ርዝመቱም 3 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 22 ተኩል ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ሁሉም ጋዝ እዚያው ቢታፈን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ከ2,200 ሚሊግራም በላይ ይከማቻል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ ሰው ከ15 ደቂቃ በላይ ሊቆይበት የማይገባው ልክ 100 ሚሊግራም ነው። ከጋዙ ከአሥር ዘጠኝ እጁ በበርና በስንጥቅ ቢወጣ እንኳ የቀረው አንድ እጅ ከዚህ ልክ በእጥፍ ይበልጣል።

ታዲያ የአንድን ቤት አደጋ እንዴት እንመዝን? ከጁገል እንጀምር። በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት በተመዘገበው በዚህ የሐረር የግንብ ከተማ የቆየው የሐረሪ ቤት ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ አለው፤ ምድር ቤቱ ሦስት ክፍል ሲሆን፣ የማብሰያው ስፍራ ግን ከግቢው ነው። እሳቱ ደጅ፣ እንግዳው ነደባ በሚባለው ከፍ ያለ መደብ ላይ፤ አሠራሩ ሁለቱን ይለያል። ከ1879 ዓ.ም. በኋላ የመጡ የህንድ ነጋዴዎች የሠሩት ባለ ፎቅ ቤት ደግሞ ወደ መንገድ ወይም ወደ ግቢ የሚያይ በረንዳ አለው። አደጋው የሚብሰው ይህ አከፋፈል ሲፈርስ ነው፤ ቤቱ ተከፋፍሎ ሲከራይና አንዲት ክፍል ማብሰያም መኝታም ስትሆን፣ ግጥም ያለ የላሜራ በር ሲገጠምላት፣ መስኮቷ ለብርድ ተብሎ በጨርቅ ሲወተፍ። ሙሽሮች የሚቀመጡባት እንደ ኪርታት ያለች ጠባብ ጓዳማ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ ትሻለች።

ስለዚህ መጀመሪያ የሚጠየቀው አየር በየት ገብቶ በየት ይወጣል ነው። አንድ ቀዳዳ አይበቃም፤ በርና መስኮት ፊት ለፊት ተከፍተው ነፋስ ሲያልፍ ነው ክፍሉ የሚጠራው። ቀጥሎ፣ ከሰሉ ሲነድ የሚተኛ ሰው አለ ወይ? የተኛ ሰው ራስ ምታቱን ሳይሰማ ሊሞት ይችላል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ካሉ ደግሞ ጉዳቱ ይፈጥናል። ምድጃው አጠገብ ውሃ ማስቀመጥ አይጠቅምም፤ ጋዙ በውሃ እምብዛም አይሟሟም። ከፍ ያለው ነደባ ላይ መተኛትም አያድንም፤ ክብደቱ ከአየር ጋር ስለሚቀራረብ ክፍሉን ከላይ እስከ ታች ያዳርሳል።

ነገሩ የከሰል ብቻ አይደለም። ፈረንሳዊው ደራሲ ኤሚል ዞላ እ.ኤ.አ. በ1902 ፓሪስ ውስጥ የሞተው የመኝታ ቤቱ የእሳት ማንደጃ ጭስ ማውጫ በመደፈኑ ነው። በጋዝ በሚሞቁ የአውሮፓና የአሜሪካ አሮጌ ቤቶች የሚኖሩ ወገኖቻችንም የሚፈተሽ ጭስ ማውጫና ሲጮህ የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ያስፈልጓቸዋል። በሲሊንደር ጋዝ የምናበስል ሰዎች ደግሞ ሰማያዊው ነበልባል ወደ ቢጫ ሲለወጥና ድስቱ ጥላሸት ሲይዝ ምድጃውን ማስጠገን አለብን።

ምልክቱ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ነው። በርጫ ላይ ከሆነ በጫቱ ይሳበባል፤ ቤት ውስጥ ከሆነ ምች ይባላል። መለያው ግን አለው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉትን በአንድ ጊዜ ያማል፣ ደጅ ሲወጡም ቀለል ይላል። እንዲህ ሲሆን በሩን ከፍቶ ሁሉንም ማውጣት ነው። ራሱን የሳተን ሰው በጎኑ ማስተኛት ነው፤ ወተት ማጠጣት ግን ትን ሊያስብለው ይችላል። ከዚያ ሳይዘገዩ ሐረር ወዳለው ሕይወት ፋና ሆስፒታል ወይም ወደ ሌላ ቅርብ ሆስፒታል መውሰድ ይገባል። በተራ አየር የጋዙ ግማሽ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል፤ ንጹሕ ኦክስጅን ሲሰጥ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ያጥራል። ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ግን ጋዙ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው ስለማይለይ ቁጥሩን ደህና አድርጎ ያሳያል። ለዚህ ነው በሽተኛ ይዞ የሄደ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ «በር ዘግተው ከሰል ያነድዱ ነበር» ብሎ ለሐኪሙ መንገር ያለበት።