መቁጠሪያና የልብ ዕረፍት

የካቶሊክ ምእመናን በመቁጠሪያ ጸሎት የእመቤታችንን አማላጅነት ይለምናሉ፤ የተናወጠ ልባቸውንም ያሳርፉበታል። ካህንም መጽሐፍም አያሻውም። በሽተኛ አልጋው ላይ፣ መንገደኛ አውቶቡስ ውስጥ፣ እናት ልጆቿን አስተኝታ ይደግሙታል።

መቁጠሪያው 59 ፍሬዎች አሉት። በ53ቱ ላይ በመልአኩ ገብርኤል ሰላምታ የሚጀምረው የማርያም ጸሎት፣ በ6ቱ ላይ አባታችን ሆይ ይደገማል። ዋናው ዙር በአምስት አሥርታት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱም ከኢየሱስና ከእናቱ ሕይወት አንድ ምሥጢር ይታሰባል። ሰኞና ቅዳሜ ከብሥራቱ የሚጀምሩት የደስታ ምሥጢራት፣ ማክሰኞና ዓርብ የሐዘን፣ ረቡዕና እሑድ የክብር ናቸው። የሐሙሱ የብርሃን ምሥጢራት የቅርብ ጊዜ ናቸው፤ የጨመሯቸው ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት (ር.ሊ.ጳ.) ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ምእመናንም መቁጠሪያ ይዘው ይጸልያሉ፤ የካቶሊኩን ልዩ የሚያደርገው ይህ የምሥጢራቱ ተራ ነው።

የጸሎቱ ሥር ገዳም ነው። በመካከለኛው ዘመን የአውሮፓ መነኮሳት 150ውን መዝሙረ ዳዊት ሲደግሙ፣ ፊደል ያልቆጠረው ሕዝብ በምትኩ 150 ጊዜ አጭር ጸሎት ይደግም ነበር። መቁጠሪያውን እመቤታችን ለቅዱስ ዶሚኒክ ሰጠችው የሚል ትውፊት አለ፤ የታሪክ ማስረጃው የሚያሳየው ግን ዝግ ያለ እድገት ነው። በ15ኛው መቶ ዘመን መነኮሳት ከክርስቶስ ሕይወት ጋር አያያዙት፤ በ1569 እ.ኤ.አ. ር.ሊ.ጳ. ጲዮስ 5ኛ ቅርጹን አጸኑለት።

የተጨነቀ ሰው ልጸልይ ብሎ ዝም ቢል ሐሳቡ ወደ ዕዳው ወይም ወደ ሕመሙ ይሮጥበታል። መቁጠሪያ የያዘ ሰው ግን ጣቱ ፍሬ ይዟል፣ አፉ የለመደውን ይላል፤ አዲስ ቃል ፍለጋ ስለማይደክም ልቡ ከምሥጢሩ ዘንድ ይቆያል። እዚያም የሚያገኛት ማርያም መከራ የማታውቅ ሴት አይደለችም። የደስታ በተባሉት ምሥጢራት ውስጥ እንኳ ልጇን ሦስት ቀን የፈለገችበት ጭንቀት አለ። ልጁ የታመመበት ወይም የራቀበት ወላጅ እዚህ አሥር ላይ ሲደርስ ብቻውን እንዳልሆነ ይሰማዋል።

ጉዳዩን ሐኪሞችም መርምረውታል። በ2001 እ.ኤ.አ. ጣሊያናውያን ተመራማሪዎች በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ባወጡት ጥናት፣ 23 ጤነኛ ሰዎች የማርያምን ጸሎት በላቲን ሲደግሙ ትንፋሻቸው በደቂቃ ወደ 6 ጊዜ ያህል ዝቅ ብሎ ታይቷል። የዮጋ ማንትራም ተመሳሳይ ውጤት ሰጥቷል፤ ለአማኙ ግን ነገሩ ትንፋሽ ላይ አያበቃም።

ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ በጥድፊያ የሚነበነበውን አትወደውም። ር.ሊ.ጳ. ጳውሎስ 6ኛ በ1974 እ.ኤ.አ. ባወጡት መልእክት፣ ምሥጢሩን ሳያሰላስሉ መድገም ነፍስ የሌለው አካል እንደሆነ አስተምረዋል። በዚያው መልእክት ጸሎቱን አወድሰው ሲያበቁ ማንም ሳይጨነቅ በነጻነት እንዲይዘው አሳስበዋል፤ መቁጠሪያ ቅዳሴን አይተካም፣ ግዴታም አይደለም።